የወይዘሮ ሙሉጌጥ ቀይ ነጥብ

አዋሳ፣ የካቲት 4 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለዱሮ ወዳጄ፣

ሰላምታዬ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ለመውለድ እስከገባሽበት እናትሽ ቤት፣ ይርጋለም ድረስ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ሆድሽስ? ወርሽ ገብቷል መሰለኝ፤ እኔም እዚህ ሆኜ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። እናትሽ እንዴት ናቸው? የጉልበታቸው ቁርጥማት ተሻላቸው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ መዳፌ ትንሽ ተቃጥላለች፤ የሥራ ነገር ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድብሽ በእሷ ምክንያት ነው እንጂ ሰክሬ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ከበቡሽ ናት፤ ባልሽ ኩማ ጨርቅ የሚገዛት የአዋሳ ጎረቤትሽ። በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ዘመኑን ታውቂዋለሽ። ከማንበብሽ በፊት ግን ተቀመጪ። ከከበቡሽ ፊት ላይም ነገር ለማንበብ አትሞክሪ፤ ጨርሰሽ እስክታጥፊው ድረስ ትንፍሽ እንዳትል አስምያታለሁ። መርዶ አይደለም። መርዶ ቢሆን ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ በርሽን ያንኳኩ ነበር እንጂ አንዲት ሴት በጠራራ ፀሐይ ወረቀት ይዛ አትመጣም። ኩማ በሕይወት አለ። የቀረውን በተራው እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ፤ ዘልለሽ መጨረሻውን አትዪ። ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

ኩማን በወሰዱት በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጥተሽ የጠየቅሽኝን ታስታውሺያለሽ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ለብሰሽ በሩ ላይ ቆመሽ፣ አንተ ሬዲዮ ታውቃለህ፣ ከባሌ የስፌት መኪና ክዳን ሥር ያወጡት ነገር ምንድን ነው፣ የማን ነው አልሽኝ። እኔም መበየጃዬን ከሰሉ ውስጥ እያገላበጥኩ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይሽ፣ እንጃ አልኩሽ። አንቺ ያስቀመጠውን ሰው ረገምሽ። ቤቱ ይፍረስ አልሽ። እኔም አሜን አልኩ።

የእኔ ነው።

ሁለት ቃል ነው። ይህን ለመጻፍ ከሁለት ወር በላይ ፈጀብኝ። ቤቱ ይፍረስ ያልሽው የእኔን ቤት ነው፤ አሜን ያልኩትም በራሴ ላይ ነው። አሁን ደብዳቤውን ቀድደሽ ልትጥዪው ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። ካልቀደድሽው ግን ነገሩ እንዲህ ነው።

ሚሲዮኑ ጋራዥ ይሠራ የነበረው ረጅሙ ፈረንጅ አገር ለቆ ሲወጣ አንድ የተሰባበረ ሬዲዮ ጥሎልኝ ሄደ። መስሚያ ብቻ አይደለም፤ ይሰማል፣ ይልካልም። አማተር የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ በየአገራቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በአየር ላይ የሚነጋገሩ። ፈረንጁ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ እኔንም አስተምሮኛል። በኋላ ፈቃዱ ሲቀር ዕቃውም ይመለስ ተባለ። እኔ አልመለስኩም። የሞተ ዕቃ ምን ያደርግላቸዋል አልኩ። ችግሩ፣ ሞቶ እንዲቀር አልተውኩትም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሞቱ ሬዲዮዎች እየፈታሁ ሠራሁት። ትራንዚስተሩን ጎርፍ ከገባበት ሬዲዮ፣ ማዳመጫውን ከተሰበረ የስልክ እጀታ አወጣሁ። ማንኳኪያውን ከቢላ ስለትና ከሁለት ቡሎን አበጀሁት። ሁሉንም የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አስገብቼ ማንጠልጠያ አደረግሁለት። እሁድ ከሰዓት ወደ ቱላ መንገድ እወጣና ከእንሰቱ ማሳ አጠገብ ባለ ባሕር ዛፍ ላይ ሽቦ ወርውሬ በስድስት የባትሪ ድንጋይ አስነሳዋለሁ። በቃል አይደለም የምንነጋገረው፤ በማንኳኳት ነው፣ አጭርና ረጅም ድምፅ። ምን ትባባሉ ነበር ብትዪኝ ትስቂብኛለሽ። እዚህ ዝናብ ጥሏል፣ ደህና ነህ ወይ እላለሁ። ያም ከባሕር ማዶ እኔም ደህና ነኝ፣ እዚህ ነፋስ ነው ይለኛል። በቃ። ይኸው ነው ወንጀሉ። ሲሰነባበቱ ሰባ ሦስት የሚል ቁጥር ይመታሉ፤ ደህና ሁን፣ መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ ማለት ነው። ሰማንያ ስምንት የሚባልም አለ፤ እሱ ለሚወዷት ሴት ነው። አንቺ ከኩማ ጋር በተጋባሽበት እሁድ እኔ ቱላ መንገድ ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ መታሁት። ለማን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ኩማ የእኔንና ያንቺን ነገር ያውቃል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዕለት፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን መዋላችንን፣ አባትሽ ጸሎት ቤት የማይገባ አማች አልፈልግም ሲሉ እኔ ለመግባትም ለመከራከርም ስዘገይ እንደተለያየን፣ ሁሉን ነግረሽው ነው ያገባሽው። ያም ሆኖ ሱቄ እየመጣ አብሮኝ ሻይ ይጠጣ ነበር። ብጠላው ደስ ባለኝ፤ ሰውየው ለጥላቻ አይመችም።

ኅዳር 19 ቀን የአብዮት ጥበቃዎቹ ያንቺን ቤት ረድፍ ፈተሹ። በማግሥቱ የእኛ የሱቆች ተራ እንደሆነ ታወቀ። ማክሰኞ ጠዋት አንቺ ገበያ ሳለሽ ኩማ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መጣና፣ ያንን ጣሳ አምጣው አለኝ። የምን ጣሳ ብለው ሳቀ። እሁድ እሁድ ቱላ መንገድ የምትሄደው ዳቦ ልትገዛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የእኔ ቤት ትናንት ተፈትሿል፣ ዛሬ አይመለሱም፣ ማታ ትወስደዋለህ አለኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጣሳውን ሳቀብለው አንድ ሐሳብ በልቤ አለፈ። ቢያዝስ፣ አለ ልቤ። ቀጥሎም፣ ቢያዝ ደግሞ፣ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው የቆየው። ግን ሐሳቡ ካለፈ በኋላ ጣሳውን ከእጁ መልሼ አልወሰድኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያች ያልተጨረሰች ሐሳብ አብራኝ ትበላለች፣ አብራኝ ትተኛለች።

ከሰዓት በኋላ ያንቺን ቤት ደግመው ፈተሹ። ለምን እንደተመለሱ እስካሁን የሚያውቅ የለም። የቀረውን በዓይንሽ አይተሻል።

ኩማ ስሜን አልጠራም። ፈረንጁ መጋረጃ ሊያሰፋ መጥቶ ረስቶት የሄደ ነው፣ ምን እንደሆነም አላውቅም አለ። ሲያስቸግሩትም ያችኑ ደገማት። እንዴት እንዳስቸገሩት አልጽፍልሽም፤ በዚህ ሁኔታሽ አያስፈልግሽም።

ጥር 24 ቀን ረቡዕ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደበሌ አስጠራኝ። ስገባ ጣሳዬ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አለሙ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ሥር ተቀምጧል። ጓድ ደበሌ ነገሩን አሳጥሮ ነገረኝ። ይህ ዕቃ ከሠራ ሰላይ ይዘናል፣ ሰውየውም ዕቃውም ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ካልሠራ ቆርቆሮ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ጠግነህ አናግረው አለ። ወደ ላይ ይሄዳል የተባለ ሰው ከዚያ ወዲህ በአዋሳ መንገድ ሲሄድ እንዳልታየ አንቺም ታውቂያለሽ። ተበላሽቷል ብለህ እንዳትገላገለኝ ደግሞ አለኝ፣ ቅዳሜ ከሻሸመኔ ተፈራ የሚባል ባለሙያ ይመጣል፤ አንተን ያቃተህን እሱ ካስነሳው ከኩማ ጎን ትቀመጣለህ።

ተፈራን አውቀዋለሁ። ሥራውን ከአንድ ሰው ነው የተማርነው። ሬዲዮ ጠጋኝ የጓደኛውን ብየዳ እንደ እጅ ጽሑፍ ይለየዋል፤ እኔ የብየዳውን እርሳስ ሳንጠባጥብ በመጨረሻ ወደ ግራ ጠምዘዝ አደርገዋለሁ። ተፈራ ክዳኑን ገልጦ አንድ ጊዜ ቢመለከት ስሜን አንብቦ መዝጋቱ ነው። ዕቃውን ባስነሳው ኩማ ይሞታል፤ ባላስነሳው ተፈራ ያስነሳዋል፣ ሁለታችንም እንሞታለን። ውሃ ደጋግሜ ስጠይቅ አለሙ፣ ምን ያስፈራሃል፣ የራስህ ነው እንዴ አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ጣሳውን ስከፍተው ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ጣቢያ ሲፈለግ የሚሽከረከረው ኮንደንሰር ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ አየሁ። ከጎኗም በቀጭኑ የተጻፈች ሙ።

ይህን ላስረዳሽ። የእኛን ሙያ ሰው አያምነውም፣ እውነቱንም ነው። ሬዲዮውን ለጠጋኝ ከመስጠቱ በፊት ባለቤቱ ጀርባውን ከፍቶ ዕቃዎቹ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ደህናውን ወስዶ አሮጌ እንዳይተካበት። ወንዱ በምስማር ይጭራል፣ ሴቷ በጥፍር ቀለም ትነካለች። የእኛ ቢጤ ሌባ ደግሞ በቤንዚን ይጠርገዋል። ወይዘሮ ሙሉጌጥን፣ የጓድ ደበሌን ባለቤት፣ ታውቂያታለሽ። ለሠርግሽ ሳህን ያዋሰችሽ ናት። እያንዳንዱ ሳህን ግርጌ ቀይ ነጥብና ሙ የሚል ፊደል እንደነበረበት፣ ከበቡሽም እየገለበጠች ስትስቅ እንደዋለች ትዝ ይልሻል።

አምና ሬዲዮዋን አመጣችልኝ። የተበጠሰው አንድ ሽቦ ብቻ ነበር። ውስጡ ግን ስፈልገው የኖርኩት ኮንደንሰር ቁጭ ብሏል። ይሄ ተቃጥሏል ብዬ ዋሸኋት፣ አሮጌ ተካሁላት፣ የእሷን ጣሳዬ ውስጥ አስገባሁት። ከላይ ያደረገችውን ነጥብ ጠረግሁ። ከሥርም ሌላ እንዳደረገች አላየሁም። ሴትዮዋ ከእኔ በልጣ ተገኘች።

ረቡዕና ሐሙስ ሥራዬ ሁሉ ያችን ነጥብ ማጥፋት ነበር፤ ያያት ሰው የወይዘሮ ሙሉጌጥን ሬዲዮ ማን እንደጠገነ መጠየቁ አይቀርም። ቤንዚን ብጠይቅ አለሙ እሳት ያስነሳል ብሎ ከለከለኝ። በጥፍሬ ስፍቅ ምን ታክካለህ ይለኛል። ከግድግዳው ወዲያ፣ ዱሮ የእህል መጋዘን በነበረው ክፍል፣ ኩማ መዝሙር ያንጎራጉራል። ሐሙስ ቀን እኔ ሳስል ሰማኝ መሰለኝ መዝሙሩን አቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ፣ ያውም ከፍ አድርጎ። እዚህ ነኝ፣ አልተናገርኩም፣ አትፍራ ያለኝ መሰለኝ። እንባዬን በእጅጌዬ ስጠርግ የእርሳሱ ጭስ ነው አልኩት አለሙን።

ዓርብ ጠዋት ግን እጄን ከነጥቧ ላይ አነሳሁ። ይህች ነጥብ የምታስፈራው እኔን ብቻ ነው እንዴ አልኩ ለራሴ። ጓድ ደበሌ ከዚህ ባነሰ ነገር ስንቱን ወደ ላይ ልኳል? ከሰላይ ሬዲዮ ውስጥ የሊቀመንበሩ ቤት ዕቃ ተገኘ ቢባል፣ ጠጋኙ ሰርቋት ነው ብሎ የሚያምነው ማን ነው? አለሙ ያችን የሊቀመንበር ወንበር በምን ዓይን እንደሚያያት ሦስት ቀን ሙሉ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ተፈራ በጠዋቱ አውቶቡስ ይደርሳል ተባለ። ከመድረሱ በፊት፣ ጓድ ሊቀመንበር አንድ ነገር እንዲያዩልኝ አልኩ። መጣና ጎንበስ አለ። ኮንደንሰሩን አሁን በይጄ እንደጨረስኩ ነበር። ጣሳውን ገልበጥ አድርጌ በጣቴ አመለከትኩት፤ ቃል አልተናገርኩም። አየው። ሳህኑን ሁሉ፣ ማንኪያውን ሁሉ፣ የቤቱን ባልዲ ሳይቀር በዚያች ነጥብ የሚያውቅ ሰው ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

አለሙ ጠመንጃውን ይዞ ተነሳ። ምን ተገኘ ብሎ መጣ። ሊቀመንበሩ እንደ ድንጋይ ቆሟል፣ አለሙ ሁለት እርምጃ ቀርቶታል፣ ሌላ የማደርገው አጣሁና መዳፌን ነጥቧ ላይ ጣልኩ። ብየዳው ገና እንደጋለ ነበር። ቆዳዬ ሲጮህ ሰማሁት። ምንም አልተገኘም፣ ያቃጥላል እንዳትነካው አልኩት አለሙን፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ። እጄን አላነሳሁም። እሱም ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ። ጓድ ደበሌ ያን ጊዜ ነቃ። ሂድና ተፈራን ከአውቶቡስ ተቀበለው፣ ቁርስ አብላው፣ ቀስ ብለህ አምጣው አለው።

አለሙ ከወጣ በኋላ የተባባልነውን ሁሉ አልጽፍልሽም። ረጅምም አልነበረም። ጣሳው የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ሊመታኝ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ከዚያ እሱ መጀመሪያ አንተ ፈርም ይላል፣ እኔ መጀመሪያ ኩማ ይውጣ እላለሁ። በመጨረሻ እኔ እንድፈርም፣ እሱም ወረቀቱን ኩማ እስኪወጣ መሳቢያው ውስጥ እንዲያቆየው ተስማማን። ፈረምኩ። ኮንደንሰሩንም ፈትቼ ሰጠሁት፤ ኪሱ ከተተው።

ተፈራ ሲደርስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። ጓድ ደበሌ መዶሻ ሰጠኝና ይህ የተለቃቀመ ቆርቆሮ ነው፣ ሰባብረው አለኝ። የሁለት ዓመት ሥራዬን በስድስት ምት ጨረስኩት። ተፈራ ከስብርባሪው አንዱን አነሳ፣ ብየዳውን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የተቃጠለ እጄን ከኋላዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። ይሄ የጀማሪ ሥራ ነው፣ ቢሠራ ነው የሚገርመኝ አለና ወለሉ ላይ ጣለው። በሙያዬ ሰድቦኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሲሰድበኝ ላቅፈው ምንም አልቀረኝ። ሳይሰናበተኝ ወደ ሻሸመኔ ተመለሰ።

በሳምንቱ ሐሙስ ኩማ ወጣ።

አዎ፣ ወጣ። አሁን ከበቡሽን ቀና ብለሽ ልታያት ትችያለሽ። ብቻዋን አልመጣችም። ኩማ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ እህቷ ብርሃነሽ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። በድንገት ብታዪው እንዳትደነግጪ፣ ልጁንም እንዳይጎዳው ብለን ነው እንዲህ ያደረግነው። አትሩጪ። ከበቡሽ ሄዳ ታምጣው። ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል፣ በግራ እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ሐኪሙ ይድናል ብሎታል። ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ ውሃ ሰጠሁት፤ ሳይጠጣ በፊት ስላንቺ ጠየቀኝ። ስለ ጣሳው ግን እስካሁን አንድ ቃል አልጠየቀኝም፤ ዝምታው ከአለሙ ጠመንጃ ይልቅ ከብዶኛል። የስፌት መኪናው ማኅተም ተነስቶለታል፤ ዘይት ቀብቼ አስቀምጬላችኋለሁ።

የወይዘሮ ሙሉጌጥንም ነገር ልንገርሽ። ባሏ ኮንደንሰሯን ሰጥቶኝ ወደ ሬዲዮዋ መለስኩላት። ጥርት ብሎ ሲሰማት ጊዜ ተገርማ፣ አምና እንዲህ አድርገህ ብትሠራው ምን ነበረበት ብላ ተቆጣችኝ። ነጥቧን አልጠረግሁም።

ስለ እኔ አታስቢ። የመንግሥት ሥራ አግኝቻለሁ፣ ወደ ምሥራቅ ነው። እዚያ የመገናኛ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው በብርቱ ይፈለጋል አሉ። ሰኞ ጠዋት ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና እንነሳለን። ብርድ ልብስና የቆርቆሮ ኩባያ ሰጥተውኛል፣ ፀጉሬንም ተላጭቻለሁ፤ ብታዪኝ አታውቂኝም። የዘማቾቹ ዝርዝር በቀበሌው በር ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያው መስመር የእኔ ስም ነው፣ ጓድ ደበሌ በራሱ እጅ ነው የጻፈው። በፈቃዱ ይላል። ፊርማዬም አለበት፣ የቅዳሜ ቀን ፊርማዬ።

ለኩማ ሥራ አገኘ ብቻ በይው። ሌላውን እሱ ሳይጠይቅ አትንገሪው፤ ቢያውቅ በዚያ እግሩ ተመልሶ ቀበሌ ይሄዳል። የሱቄን ቁልፍ ከበቡሽ ይዛለች። መሣሪያዎቹ የእናንተ ናቸው። ያችን ያልተጨረሰች ሐሳቤን ግን ለእሱ ማንበብ ትችያለሽ። ይቅር ማለትና አለማለት የሁለታችሁ ነው። ከዚያ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ክተቺው።

በሰላም ተገላገዪ። ልጁ የእናቱን ቁጣና የአባቱን አፍ ይያዝ፤ አባቱ አፉን በጊዜው መዝጋት የሚያውቅ ሰው ነው። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቤታችሁ አይፍረስ።

አማተሮቹ ሲሰነባበቱ እንደሚሉት፣ ሰባ ሦስት። ሌላኛውን ቁጥር ለኩማ ትቼለታለሁ።

የዱሮ ወዳጅሽ